ከፍተናል

«አባዬ፣ የሣልከው ዳቦ ጥላ ወደ ግራ ወድቋል፤ የቅርጫቱ ደግሞ ወደ ቀኝ» አለች ጠብታ፣ መሰላሉን እንደያዘች ቀና ብላ።

«እንግዶቹ በመኪና ነው የሚያልፉት። ጥላ የሚቆጥር የለም» አለ አባቷ ከላይ።

ጠብታ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ቅጽል ስሟን ያወጡላት ጎረቤቶች ናቸው፤ በሕፃንነቷ የአባቷን ቀለም እያንጠባጠበች ቤት ለቤት ትዞር ነበር። አባቷ የማስታወቂያ ጸሐፊ ነው፤ እሱንም ሰው «ቀለሜ» ይለዋል። በመሀል ከተማው የተሰቀለ የሱቅ ስም ሁሉ ከእጁ የወጣ ነው። ላለፉት ሦስት ዓመታት ግን ብሩሾቹ ደርቀው ከርመዋል። ሱቅ በሚዘጋበት መንገድ ላይ የሱቅ ስም የሚያስጽፍ ሞኝ የለም።

ሱቆቹን የዘጋቸው እድሳቱ ነው። የልማት ጽሕፈት ቤቱ መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆፈረና ትልቅ ሰሌዳ ተከለ። ሰሌዳው ላይ ፏፏቴ፣ ዛፎችና ከረጢት አንጠልጥለው የሚስቁ ቀጫጭን ሰዎች ተሥለዋል። ከዚያ ወዲህ ፏፏቴውን ፀሐይ አጥቦታል፣ የሰዎቹም ፊት ሰማያዊ ሆኗል። አሁን እድሳት የሚያስፈልገው ሰሌዳው ራሱ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ እንቁራሪቶች ወልደው ከብደዋል። ገበያተኛ ደግሞ ጉድጓድ እየዘለለ አይገዛም፤ ሱቆቹ አንድ በአንድ ተዘጉ።

«መቼ ነው የሚያልቀው?» ተብሎ ሲጠየቅ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ያለው መልስ አንድ ነው። «በቅርቡ» ይላል። የሰፈሩ ሰውም ስሙን ትቶ «በቅርቡ» ይለዋል። ይህ ሰው የበላይ አለቆቹ ሥራውን ሊጎበኙ እንደሚመጡ ሲሰማ ጉድጓዱን አላስደፈነም። ዙሪያውን በአረንጓዴ ሸራ አስጋረደና የጠብታን አባት አስጠራው። በተዘጉት አሥራ አንድ የብረት በሮች ላይ የተከፈተ ሱቅ እንዲሥል፣ ከላይም በትልቁ «ከፍተናል» ብሎ እንዲጽፍ አዘዘው። በተዘጋ ሱቅ በር ላይ የተከፈተ ሱቅ! እንዲህ ያለ ነገር ለማሰብ ቢሮ፣ ተሽከርካሪ ወንበርና ማኅተም ያስፈልጋል።

«ይሄ እኮ ፉገራ ነው» ብላው ነበር ጠብታ ትናንት። «ሙድ እየያዙብን ነው፣ አባዬ።»

«ይያዙ። ይሄን ካሳመርኩ የአዲሶቹ ሕንጻዎች ጽሑፍ በሙሉ የእኔ ነው ብሎኛል።»

«መቼ?»

መልሱን ሁለቱም ያውቁታል። ቢሆንም ማታ ብሩሾቹን ሲያጥብ ሲያፏጭ ሰምታዋለች። ሲያፏጭ ከሰማችው ስንት ጊዜዋ ነው! ስለዚህ ዛሬ መሰላሉን ልትይዝለት አብራው መጣች።

ከሰዓት በኋላ አሥሩ በሮች አለቁ። የቀረው የአክስቷ ልብስ ስፌት ቤት ነበር። አባቷ ቀኑን ሙሉ በዚያ በር ፊት ሲመላለስ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብሎ አላየውም። በሩ ላይ «ልክዎን እናውቃለን» የሚል ጽሑፍ አለ። ሱቁ ሲከፈት ለታናሽ እህቱ ራሱ የጻፈላት ነው፤ ደንበኞቿ እያነበቡ ይስቁ ነበር።

አክስቷ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መጣች። ሱቋ ከተዘጋ ወዲህ የምትሰፋው እነሱ ሳሎን ጥግ ይዛ ነው።

«የኔ ላይ ምን ልትሥል ነው፣ ወንድሜ?»

«ቀሚስ።»

«ማን ሰፋው ልትል ነው?»

አባቷ ነጩን ቀለም ማማሰል ቀጠለ።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ሰው ሲዋሽ እንኳ ልክ አለው። እነዚህ ልካቸውን የሚነግራቸው ጠፋ።»

«ሥራ ነው፣ እህቴ። ምን ላድርግ?»

«ሥራ። ማን ከለከለህ» አለች ድምፅዋን ሳታነሣ። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

አባቷ «ልክዎን እናውቃለን»ን ሁለት ጊዜ ነጭ ቀባው። ሲደርቅ ቀሚሱን ሣለ፣ ከዚያ ጽሑፉን ጀመረ። አሠራራቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የፊደሉን ግንድ እሱ በወፍራሙ ብሩሽ ይጽፋል፣ «ተ»ን «ቱ» ወይም «ቶ» የሚያደርጉትን ትናንሽ ቅጥያዎችና ቀለበቶች እሷ በቀጭኑ ትጨርሳለች። ግንዱን ጽፎ ሳይወርድ ከመንገዱ ጫፍ «በቅርቡ» ጠራው። በውሰት ያመጣቸውን አበቦች የት የት እንደሚደረድር ሊያማክረው ነው።

«ቀጭኑን አንቺ ጨርሺው» አለ አባቷ እየወረደ። «ስሜንም ጥግ ላይ ጻፊ።»

አክስቷ የሱቋ ደፍ ላይ ተቀምጣለች። ጠብታ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«አክስቴ፣ ከፍቶሻል አይደል?»

«ከፍቶናል በይ እንጂ። እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?» አለችና ሜትሯን ጠቅልላ ወደ ቤት ሄደች።

ጠብታ መሰላሉ ላይ ወጣች። የ«ፍ»ን ጨረሰች፣ የ«ና»ን፣ የ«ል»ን። «ተ» ቅጥያ አያስፈልገውም። አሥር በር ሙሉ አንድም ቀለበት እንዳልሣለች ትዝ አላት። ቃሉ ቀለበት የለውም። የአክስቷ ቃል ግን አለው።

ከፍተናል። ከፍቶናል።

በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከ«ተ» አናት ላይ የምትቀመጥ የአዝራር ያህል ክብ ናት። ጠብታ ብሩሹን እንደያዘች ቆመች። «በቅርቡ» ሌላ ነገር ባያውቅ ማንበብ ያውቃል። ካየው አባቷ ሌላ ሥራ አያገኝም። ተስፋው ባዶ እንደሆነ ብታውቅም፣ ያ ፉጨት ግን ባዶ አልነበረም። የሚያስፈራት ፉጨቱን መልሳ ማሳጣቷ ነው። ደግሞም የአክስቷን ፊት በሐሳቧ አየችው፤ በሯ ላይ ሰው ስለ እሷ ሲዋሽ ቁጭ ብላ ያየችበትን ፊት።

ቀለበቷን ሣለቻት። ክቡ ትንሽ ተጣመመ። ከዚያ ወረደችና በሩ ጥግ ላይ ስም የሚጻፍበት ቦታ ተንበረከከች። «ቀለሜ» አላለችም። «ጠብታ» ብላ ጻፈች፤ ቁጣ ከመጣ አድራሻው እንዲታወቅ።

አባቷ በሸራው ጥግ ብቅ አለ። ቀለሙ ገና እርጥብ ነው፤ ቀለም በሚያስለቅቀው አኳራጅ አንድ ጊዜ ቢታበስ አሻራው አይታይም። ጨርቁም ጠርሙሱም እግሯ ሥር ናቸው። ጠብታ የአኳራጁን ክዳን አጥብቃ ገጠመችና ቆማ ጠበቀችው።

አባቷ ከላይ ያለውን አነበበ። ታች ያለውንም አነበበ። እንቁራሪቶቹ ከሸራው ኋላ ይጮሃሉ።

«ቀለበቷ ተጣማለች» አለ በመጨረሻ።

«ፈርቼ ነው።»

«ያስታውቃል።»

እጁን ዘረጋ። ጠብታ ጨርቁን የሚፈልግ መስሏት አቀበለችው፤ አልተቀበላትም። ብሩሹን ከእጇ ወስዶ ወጣ፣ የቀለበቷን ዙሪያ ቀስ ብሎ አቃና። ወርዶም ከ«ጠብታ» አጠገብ «ቀለሜ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ዞሮ የተሣሉትን በሮች በሙሉ እስከ ጫፍ ድረስ ተመለከተ። «በቅርቡ» ጀርባውን ሰጥቶ አበቦቹን ያስደረድራል።

«መሰላሉን ወደ ዳቦ ቤቱ አምጪልኝ» አለ። «እዚያም ቀለበት ረስተናል።»

ጠብታ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ወርውራ መሰላሉን አነሣች።