አራተኛው ጎማ

ሽማግሌው የሞቱት ሐሙስ ቀን ነው፤ ከኋላ በክሪክ ተነሥታ የነበረች የውድድር መኪና ወርዳባቸው። ቅዳሜ ጠዋት ኢንስፔክተሯ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ጋራዡ ስትመጣ፣ ገና ከበሩ ሳታልፍ አለቃዋ ደወለ።

«መዝገቡ እስከ ማታ ይዘጋ። መኪናዋን ያነሣው በያጁ ነው፤ መደገፊያ ብረት አላደረገም፣ ሰው ሞተ፤ ቸልተኝነት ነው፣ ይታሰር። ምኑ ነው የሚመረመረው?»

«አንድ ነገር አልገባኝም።»

«አንቺ ደግሞ መቼ ነገር ገብቶሽ ያውቃል!» ብሎ ዘጋባት።

እውነቱን ነው፣ አልገባትም። ሁለት ቀን ሙሉ ስለ አሞርዛተር ሲያወሩላት ጆሮዋ ደንቁሯል። ጎማው ጉብታ ሲመታ መኪናዋ እንደ ኳስ እንዳትነጥር የሚገታት እሱ ነው፤ የውድድር ሲሆን ደግሞ ትንሽ መዘውር አለችው። መዘውሯ በዞረች ቁጥር ጠቅ ትላለች፤ ወደ ቀኝ ስትዞር ይጠነክራል፣ ወደ ግራ ስትዞር ይላላል። ሟቹ በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ኖረው እናት አባት ያወጡላቸው ስም ተረስቶ «ጋሽ ጠቅታ» ሆነው ቀርተዋል።

በያጁ በር ላይ፣ ፖሊስ አጠገቡ ቆሞ፣ እጆቹን እያፍተለተለ ነበር።

«መደገፊያውን ለምን አላደረግህም?» አለችው፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ ራሷም ጠፍቷት።

«ጋሼ ከሥር አይገቡማ! በጎማው ጎን እጃቸውን ሰደድ አድርገው ነው የሚያዞሩት። ምን ሊሠሩ ገቡ? እኔ ይህን እጠይቃለሁ፣ እናንተ እኔን ትጠይቃላችሁ።»

«አንተ የት ነበርክ?»

«ከጀርባ ብረት እየቆረጥኩ። ሰማይ ቢደረመስ አልሰማም። ሰባት ሰዓት ላይ ስመለስ...» አልጨረሰውም።

ኢንስፔክተሯ የሚያማትን ጉልበቷን እየረገመች ተንበርክካ እጇን በኋላው ጎማ ጎን ሰደደች። መዘውሯን በቀላሉ አገኘቻት። ሽማግሌው ግን የእጅ ባትሪ እንደያዙ ከመኪናዋ ሆድ ሥር ነው የተገኙት።

«አሁንም እዚሁ ነን?» አለ ከኋላዋ አንድ ድምፅ። የመኪናዋ ሾፌር ነው፤ «ጥይት» ይሉታል። ከጋሼ ማዕድ ሳይለይ ያደገ፣ እንደ ልጃቸው የሚታይ ሰው ነው። «ነገ ውድድር አለብኝ። የተናገርኩትን ተናግሬያለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ወጣሁ፣ ዘበኛው ጽፎታል። ያን ጊዜ ሦስተኛውን ጎማ ጨርሰው ወደ አራተኛው እየዞሩ ነበር።»

ጋሼ ጎማ በጨረሱ ቁጥር ላዩ ላይ በጠመኔ አንድ ጭረት ያደርጋሉ። አራቱም ጎማ ላይ ጭረት አለ። እንግዲህ ጥይት ከወጣ በኋላ አራተኛውን ጨርሰዋል ማለት ነው፤ ከበሩ ከማይነሣው ዘበኛ ሌላ በግቢው የቀረው ደግሞ በያጁ ብቻ።

የጋራዡ ባለቤት፣ የሟች ሚስት ወንድም፣ ከቢሮው ብቅ አለ። ሐሙስ ቀን ከተማ ማዶ ከሦስት ሰዎች ጋር ጎማ ሲረከብ እንደዋለ ተረጋግጧል። «ኢንስፔክተር፣ አማቼንስ ቀበርኩ፤ ጋራዡንም ልቅበረው?» አላት።

ወደ ሟች ቤት ሄደች።

ሚስቲቱ በሩን ከፍታ ወንበር ሳበችላት፤ ቤቱ ተጠርጎ፣ ሁሉ ነገር በቦታው ነበር። ከልብሱ ጋር ከጋራዡ የተላከላትን የባሏን የሥራ ደብተር አቀበለቻት። የሐሙስ ገጽ ላይ ለአራቱም ጎማ አስቀድሞ የተጻፈው አንድ ቁጥር ነው፤ ስምንት።

«ስምንት ከየት ተነሥቶ ነው፣ እትዬ?»

«ከዝጉ ነዋ። ቡታጋዙን እንኳ ሲያበራ መጀመሪያ ጥርቅም አድርጎ ይዘጋዋል። መነሻውን የማያውቅ ሰው የት እንደቆመ አያውቅም፣ ይላል።»

«ይላል» ያለችውን ኢንስፔክተሯ አላረመችም። «ሰሞኑን የተለየ ነገር አልነበረም?»

«ረቡዕ እራቱን አልበላም። ‹ምንም ሳልነካለት አሁን ገና ተስተካከለ አለኝ› አለ። ስለ መኪና ሲያወራ አልጠይቀውም ነበር።» ሴትዮዋ የጠረጴዛውን ልብስ አቃናች። «ብጠይቀው ኖሮ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ጋራዡ ተመልሳ እያንዳንዷን መዘውር እስክትዘጋ እያዞረች ቆጠረች። ስምንት። ስምንት። ስምንት። አሥራ ሁለት።

መዘውሯን ወደነበረችበት መልሳ እንደገና ቆጠረች። አሥራ ሁለት! በንዴት ጎማውን በርግጫ መታችው፤ ያመመው የእሷ ጣት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዲት ጠቅታ ያልሳቱ ሰው በአንዴ አራት ይስታሉ? መሬት ላይ ተቀምጣ ጣቷን እያሸች ቆየች። ከዚያ መዘውሯን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆጠረቻት፤ ሃያ። ቀስ ብላ ተነሣች።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው። ሚስቲቱም መጥታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጠረጴዛው ላይ አንድ ትርፍ አሞርዛተር በሞርሳ ተይዟል።

«ይህን ስምንት ላይ አድርግልኝ» አለችው ጥይትን።

«ለዚህ ነው የጠራሽን?» ሳቀና መዘውሯን ወደ ግራ እስከ መጨረሻው አላላት፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ስምንት ቆጠረ። «ይኸው።»

በያጁን ጠራችው። እሱ ወደ ቀኝ ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ ስምንት ወደ ኋላ ቆጠረ።

የጋራዡ ባለቤት ተራው ሲደርስ ግንባሩን አከከ። «ከየት ጀምሬ ነው የምቆጥረው?»

«ይህን የጠየቁኝ እርስዎ ብቻ ነዎት» አለችው። ከዚያ ወደ ጥይት ዞረች። «ጋሼ የሠሯቸው ሦስቱ ጎማዎች ከዝጉ ስምንት ናቸው። አራተኛው አሥራ ሁለት ነው። ከሃያ አሥራ ሁለት ሲቀነስ ስምንት ይቀራል። አራተኛውን የሠራው ደብተሩን ያነበበ፣ ግን ከላላው ጫፍ የሚቆጥር ሰው ነው።»

«ግማሹ ሾፌር እንደዚያ ነው የሚቆጥረው!»

«ከእነሱ ሐሙስ እዚህ የነበረው ማነው? ጋሼ አንተ ከወጣህ በኋላ ሲሠሩ የቆዩ እንዲመስል መዘውሯን አዞርክ፣ ጭረቱንም አደረግህ። ስድስት ሰዓት ላይ ወጥተህ አልተመለስክም፤ ዘበኛው ምስክርህ ነው። እንግዲያው ያን ያደረግኸው ከመውጣትህ በፊት ነው። ያን ጊዜ ጋሼ ሞተዋል።»

ጥይት ከጠረጴዛው ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ለመዘውሯ ከሥር መግባት አያስፈልግም። የሚያምኑት ሰው ‹ጋሼ፣ ከሥር የሚንኳኳ ነገር አለ፣ እስቲ ይዩልኝ› ብሏቸው ባትሪ ይዘው ገቡ። ክሪኩን ለቀቅከው። ረቡዕ መዘውሯን ምንም ሳይነኩ ወደ ልምምድ ሜዳው ልከውህ፣ ተመልሰህ ‹አሁን ገና ተስተካከለ› አልካቸው። ያልተለወጠውን ተለወጠ ያልከው እግርህ መኪናዋን መስማት ስላቆመ ነው፤ እሳቸውም ያን ዕለት አወቁ።»

«አንድ ቀን!» ጮኸ ጥይት። «ነገን ብቻ ለምኛቸው ነበር! ‹አትነዳም፣ ለውድድር ማኅበሩ እነግራለሁ› አሉኝ። ነገን ነድቼ በራሴ እተወው ነበር!»

ፖሊሱ ከበያጁ አጠገብ ወደ ጥይት ተሻገረ። በያጁ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ።

ሚስቲቱ ከቦርሳዋ አንዲት የቀጠሮ ካርድ አወጣች። «ከኮቱ ኪስ ነው ያገኘሁት። የነርቭ ሐኪም ነው፤ ስም አልተጻፈበትም። የእሱ መስሎኝ ነበር።» ለጥይት ዘረጋችለት። «ላንተ ነው የያዘው።»

ጥይት ካርዱን አልተቀበለም። «ለመቼ ነው?» አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ለዛሬ። ጠዋት ሦስት ሰዓት።» ካርዱን ለሁለት አጥፋ ያዘችው። «ታሞ የደበቀኝ መስሎኝ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ተቀይሜው ነበር።»