የታሰረችው የፀደይ ወፍ

በዳራምባ መንግሥት የውርጩ ወራት አልፎ ፀደይ ሊገባ ሲል ምድር አስቀድማ ትናገር ነበር። በሰቀልቃ ሜዳ የወንዙ በረዶ እየተሰነጠቀ ይጮኻል፤ የሾላው ቅርንጫፍ ጫፉ ይቀላል፤ ንቦች ከቀፏቸው ደጃፍ ወጥተው ክንፋቸውን ያራግባሉ። ከሁሉ በኋላ ሰማሪት የምትባለው ሰማያዊ ወፍ ከተራራ ወርዳ ትዘምራለች። ድምፅዋ የደረሰበት አፈር ሁሉ ይለሰልሳል። ያን ጊዜ የምልክት ጠባቂዋ ከኮረብታው ላይ ቆማ «ፀደይ ገብቷል!» ስትል ገበሬው ዘሩን ይዞ ይወጣል።

በዚያ ዓመት ግን ሰማሪት አልመጣችም።

የምልክት ጠባቂዋ ሐመልማል ከሟች እናቷ ሹመቱን የወረሰች ወጣት ነበረች። ጎህ ሲቀድ እየወጣች ሜዳውን ታስሳለች። የሾላውን እምቡጥ በጥፍሯ ስትከፍተው ውስጡ ጠቁሯል። አፈሩን በበትር ስትመታው እንደ ድንጋይ ይጮኻል። በየቤቱ ከዘር እህል በቀር የሚላስ የሚቀመስ አልቀረም።

ሕዝቡ በዚህ ጭንቅ ላይ ሳለ የንጉሥ አርጋሞን አዋጅ ነጋሪ በፈረስ መጣ። ነጋሪት አስጎስሞም፣ «ስማ! ፀደይ ገብቷል! ንጉሣችን በአበባ መካከል ተቀምጧል። ዘርህን ዝራ፤ የንጉሡንም ድርሻ አዘጋጅ! የምልክት ጠባቂዋም ወጥታ ትመስክር!» አለ።

ሐመልማል ደሟ ፈላ። «ምን ብዬ ልመስክር? ይህ ሕዝብ የመጨረሻ ዘሩን በውርጭ ላይ በትኖ ልጆቹን እንዲቀብር? ያላየሁትን አየሁ አልልም!»

«ንጉሡ ማየቱ አይበቃሽም?»

«አይበቃኝም! መጥቶ አፈሩን በእጁ ይንካና ይንገረኝ!»

አዋጅ ነጋሪው «እንግዲያው በሌላ አፍ ይነገራል» ብሎ ፈረሱን አዞረ። ያን ጊዜ ከፈረሱ ሰኮና ላይ አንዲት ቢጫ አበባ ወደቀች። ሐመልማል አነሳቻት። እርጥብ ናት፤ ማር ማር ትሸታለች።

አበባዋን ይዛ ወደ ንብ አርቢዋ ወደ እትዬ ይርገዱ ቤት ሮጠች። የይርገዱ ባል ጋሽ ደርብ በወጣትነቱ የቤተ መንግሥቱን በር የጠበቀ ወታደር ነው። አበባዋን አገላብጦ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይህች በንጉሡ ግቢ እንጂ በሌላ ቦታ አትበቅልም» አለ። «ግን በዚህ ውርጭ እንዴት ፈካች?»

«ሰማሪትን ይዟታል፣ ጋሽ ደርብ!» አለች ሐመልማል። «የሁላችንን ፀደይ በአንድ ግቢ ውስጥ አስሮታል!»

ይርገዱ ብድግ አለች። «ንቦቼ በረሃብ ረግፈው በእፍኝ በእፍኝ ጠርጌ ስጥላቸው፣ እሱ አበባ ያሸታል?»

ሦስቱም እጃቸውን በቀዘቀዘው አፈር ላይ አኑረው፣ «ሰማሪትን ሳንፈታ ብንመለስ ይህች ምድር አትቀበለን!» ብለው ማሉ።

ነፋሱ ፊታቸውን እየገረፋቸው የንጉሡ ግቢ ያለበትን የጋርዳምን ተራራ ወጡ። ጋሽ ደርብ በሚያውቀው የውኃ መውረጃ በኩል እየመራ ከግቢው የኋላ በር አደረሳቸው። ነገር ግን በሩን ቁርዛ ይጠብቀው ነበር፤ ጎፈሬው በረዶ የሆነ፣ ትንፋሹ የነካውን ሁሉ የሚያደርቅ አውሬ። ገና ሲያያቸው ጥርሱን አፋጭቶ ተነሣ።

ጋሽ ደርብ ጦሩን ነቀነቀ። «ይህን በር ለንጉሥ ስጠብቅ ወጣትነቴን ጨርሻለሁ። ዛሬ ለእናንተ ልጠብቀው። እለፉ!»

«ደርቤ፣ አይሆንም!» አለች ይርገዱ።

«እለፊ እንጂ! እዚህ ቆመሽ የማልንበትን ታስቀሪዋለሽ?»

አውሬው ሲዘልበት ጦሩን ከጉሮሮው ሰክቶ አንገቱን አቀፈው። ሁለቱ ሴቶች በጎኑ ሾልከው ገቡ።

በውስጥ ያለው ዓለም ሌላ ነበር። ዛፉ አብቧል፤ ሣሩ ለምልሟል፤ ቢራቢሮ ይርመሰመሳል። በመካከሉ ሰማሪት በወርቅ ፍርግርግ ተዘግቶባት፣ በሰለለ ድምፅ ትዘምራለች። አርጋሞን ከአጠገቧ ተቀምጦ ወይን ይቀምሳል።

«ገበሬ ሁሉ የሚያየው ፀደይ ለንጉሥ ምን ክብር አለው?» አለ ሳይደነግጥ። «ውበት ለሚያውቅበት ይገባል። እናንተ አበባውን ረግጣችሁ የምታልፉ!»

ሐመልማል አንቱ አላለችውም። «አበባውን ረግጠን የምናልፈው አንተን ልናበላ ስንጣደፍ ነው! በወይንህ ውስጥ የእኛ ላብ አለ፤ በዚህ ግቢ ሙቀት ውስጥ የሕፃኖቻችን ብርድ አለ። ወፏን ሰርቀህ ሳታበቃ፣ ውርጩን ፀደይ ነው ብዬ እንድዋሽልህ ሰው ላክህብኝ! ሌብነቱስ ይሁን፤ እንዴት ምስክሬ ሁኚ ትለኛለህ?»

«ያዟት!» ብሎ ጮኸ ንጉሡ።

ጠባቂዎቹ የገበሬ ልጆች ነበሩ። ከግቢው ወጥተው ስለማያውቁ ፀደይ በሁሉም ዘንድ የገባ መስሏቸው ነበር። አንዱ ጦሩን ዝቅ አደረገና፣ «እውነት ነው? እናቴ ሰቀልቃ ነው የምትኖረው» አለ።

«ከዘር እህል በቀር የቀራት ነገር የለም፤ እሱንም ዝሪ ተብላለች» አለች ሐመልማል።

ጦሮቹ ሁሉ ወደ ንጉሡ ዞሩ። ይርገዱ ቀፎ በምትጠርብበት መጥረቢያ የወርቁን ፍርግርግ ሰበረችው። ሰማሪት ወጣች፤ ከግንቡ በላይ ከፍ ብላም ሙሉ ድምፅዋን ለቀቀችው። ተራራው አስተጋባ፤ በረዶው ከየገደሉ እየተናደ ወረደ።

ወደ በሩ ሲሮጡ ቁርዛ ቀልጦ ውኃ ሆኗል። ጋሽ ደርብ ግን ጦሩን እንደጨበጠ ቆሞ ቀርቷል፤ ትንፋሽ የለውም። ጠባቂዎቹ አርጋሞንን አሥረው እያወጡት ነበርና፣ ይርገዱ ከፊቱ ቆመች።

«እየው!» አለችው። «ይህን ሰው እየው። ስሙ ደርብ ነው። ደጅህን ሲጠብቅ ስሙን ጠይቀኸው ታውቃለህ?»

ንጉሡ አንገቱን ደፋ።

ሬሳውን በጋሻ ተሸክመው ሲወርዱ የወንዙ በረዶ እየተሰነጠቀ ይጮኽ ነበር። የሰቀልቃ ሕዝብ ዘሩን ታቅፎ በኮረብታው ሥር ቆሟል። ሐመልማል ወጣች፤ አፈሩን ጨበጠች፤ በእጇ ፈረሰላት። ሆኖም ወደ ሬሳው ዞረች።

«በዚህ ቀን እንዴት ብዬ የደስታ ቃል ልጥራ፣ እትዬ?»

ይርገዱ ነጠላዋን ከወገቧ አጥብቃ አሰረች። ዓይኗ ደም መስሏል። «ደርቤ የሞተው ይህ ቃል እንዲነገር አይደለም እንዴ? በይ ተናገሪ! ሰው ወደ እርሻው ይውጣ። እኔ ማልቀሱን አላጣውም።»

ሐመልማል ጉሮሮዋ እስኪነድ ድረስ ጮኸች፤ ሞፈሩም ከየቤቱ ወጣ።