የማክሰኞ ኮቴ

በሙያዬ አልታማም ብዬ የምኩራራበት ዘመን ያበቃው «ኤፒሴንተር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ላይ ነው።

የምሠራው መዝገበ ቃላት ቤት ነበር። ዋና አዘጋጁ አጎቴ ነው፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም። አንዲት ሰረዝ ቦታዋን ከሳተች እንቅልፍ ስለማይወስደው የቢሮው ሰው ሁሉ ከጀርባው «ጋሼ ሰረዝ» ይለዋል። ከእንግሊዝኛ ፊደላት ለእኔ የደረሰኝ «ኢ» ነበር። «ኤፒሴንተር»ን «የመሬት መንቀጥቀጥ የሚነሣበት ቦታ» ብዬ ተረጎምኩና ለማጣራት ኮረብታው ላይ ወዳለው የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያ ላክነው።

በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ጥጉ ላይ በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሕፈት እንዲህ ተብሏል፦ «ስህተት ነው። ቢመጡ አሳይዎታለሁ።»

«ማን ስለሆነ ነው የሚያሳየኝ?» ብዬ ጮኽኩ።

«ሄደሽ ማየት ነዋ» አለ አጎቴ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ደሜ ፈልቶ ኮረብታውን ወጣሁ። ስገባ አንድ ረዘም ያለ፣ የሹራቡ ክርን የተጣፈ ሰው እጁን አነሣ።

«እባክዎ ቀስ ብለው ይራመዱ። መሣሪያው ይሰማዎታል።»

ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። ወረቀት የተጠቀለለበት ሲሊንደር በዝግታ ይዞራል፤ ቀጭን ብዕር መስመር ያሰምርበታል። መስመሩ መጨረሻው ላይ ተንቀጥቅጧል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እርስዎ ነዎት» አለኝ። «ከአጥሩ በር ጀምሮ ሃያ ሁለት እርምጃ። ተናደው የመጡ ይመስለኛል።»

ሳላስበው ሳቅሁ። ይዤው የመጣሁት ንዴት የት እንደገባ አላውቅም።

መዝገቡን ከፈተ። ከመሬት መንቀጥቀጥ ሌላ የሆነ ነገር መስመሩን ባወከው ቁጥር ሰዓቱንና ምክንያቱን መጻፍ ግዴታው ነው፤ ያለዚያ ዋናው መሥሪያ ቤት የጭነት መኪናውንም፣ የበር መዘጋቱንም መንቀጥቀጥ ብሎ ይቆጥረዋል። «አራት ሰዓት። ምክንያት፦ የእንግዳ ኮቴ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ካርታ ዘረጋና ኮምፓስ ተከለበት።

«አንድ ጣቢያ ብቻውን የሚያውቀው ርቀቱን ነው» አለ ክብ እያዞረ። «በየት በኩል እንደሆነ አያውቅም። የሌሎች ሁለት ጣቢያዎች ክብ ሲጨመር፣ ሦስቱ የሚገናኙባት ነጥብ ኤፒሴንተር ናት። መንቀጥቀጡ የሚነሣው ግን እዚያ አይደለም፤ ከሥሯ ነው፣ ብዙ ኪሎ ሜትር ወደ ታች። ኤፒሴንተር ከዚያ ስፍራ በቀጥታ በላይ ያለችው የምድር ገጽ ናት።»

ተሸነፍኩ። ግን ባዶ እጄን አልወርድም።

«እሺ፣ ቃሉ ከየት እንደመጣ ያውቃሉ?»

«እሱን እንኳ አላውቅም።»

«ከግሪክ ነው። ‹ኤፒ› በላይ ማለት ነው። ‹ኬንትሮን› ደግሞ መጀመሪያ በሬ የሚወጉበት ሹል እንጨት ነበር፤ በኋላ ወረቀት ላይ የሚተከለው የኮምፓስ እግር በዚሁ ስም ተጠራ። መሃል የሚለው ፍቺ የመጣው ከዚያ ነው።»

እጁ ላይ ያለውን ኮምፓስ አየው።

«ስምንት ዓመት ሙሉ ቃሉን በእጄ ይዤው ኖሬያለሁ ማለት ነዋ!» አለና ቀና ብሎ አየኝ። ረዘም አድርጎ ነው ያየኝ። እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ስለ አጠቃቀሙ ልጠይቅ ሄድኩ። ጋዜጦች «የፋሽን ኤፒሴንተር»፣ «የወሬ ኤፒሴንተር» እያሉ ለማንኛውም ነገር እምብርት ይጠቀሙበታል፤ ይሄንንም ላስገባው ነው ስለው ፊቱን አጨማደደ።

«ስህተት ነው እኮ!»

«እኛ ሰው ያለውን ነው የምንጽፈው፤ ማለት የነበረበትን አይደለም።»

ወደሚዞረው ሲሊንደር ዞሮ አየ። «እኔም መሬት ያለችውን ነው የምጽፈው» አለ በመጨረሻ። «እሺ፣ ይግባ።»

ከዚያ ምሳሌ የሚሆን ዓረፍተ ነገር ፍለጋ ሄድኩ። ከዚያ ምሳሌው አልጣመኝም ብዬ ሄድኩ። በስድስተኛው ማክሰኞ ቦርሳዬን ሳነሣ አጎቴ መነጽሩን አወለቀ።

«ለአንዲት ቃል ስድስት ጊዜ? ዘላለም የሚለውን ‹ኢተርኒቲ›ን እንኳ በግማሽ ቀን ጨርሰሽዋል!»

«ከባድ ቃል ነው።»

«ረዘም ያለ ቃል ነው ሲሉ ሰማሁ» አለ።

ወድጄው ነበር፤ ምን አስዋሸኝ። ማክሰኞ እስኪመጣ ሌላው ቀን ሁሉ ትርፍ ይመስለኝ ነበር።

በሰባተኛው ማክሰኞ ግን አጥሩ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ፊቱ ጠቁሯል።

«ከእንግዲህ ባይመጡ ይሻላል።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ሥራው አይፈቅድም።»

ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔም ኩራቴ አላስጠይቀኝ አለ። ሰልችቼዋለሁ እያልኩ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ሁለት ማክሰኞ ከቢሮ ሳልወጣ አለፈ፤ አጎቴ እንኳ መቀለዱን ተወ።

ከዚያ አንድ ሰኞ፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት መዝገብ በብብቷ ይዛ ገባች። የጣቢያዎቹ ተቆጣጣሪ ነች።

«በየማክሰኞው አራት ሰዓት ከዚያ ጣቢያ ንዝረት ይደርሰናል» አለች። «ኮቴ ነው ብሎ ጽፏል። ስናስጠነቅቀው ንዝረቱ ቀጥ አለ፤ ይሄ ደግሞ ባሰ አጠራጠረን። የማን ኮቴ ነው ስለው ‹የሰው ስም አላስነሣም፤ ከፈለጋችሁ በረሃው ጣቢያ ውሰዱኝ› አለኝ። ምስክር ካልተገኘ መዝገቡን ፈጥሮ ሞላ ይባልና ረቡዕ ወደዚያው በረሃ ይዛወራል።»

«ታዲያ እኔን እንዴት አገኙኝ?»

መዝገቡን ከፍታ ሰጠችኝ። የምክንያቱን ዓምድ በጣቴ ወረድኩበት። «የእንግዳ ኮቴ።» «የመዝገበ ቃላቷ ሴት ኮቴ።» በአምስተኛው ማክሰኞ «የእሷ ኮቴ» ብቻ። ያለፉት ሁለት ማክሰኞዎች መስመራቸው ጸጥ ያለ ነው፤ እሱ ግን አራት ሰዓት ብሎ ጽፎ አጠገቡ «አልመጣችም» ብሏል።

«ሠላሳ ዓመት መዝገብ ሳገላብጥ» አለች ተቆጣጣሪዋ፣ «ያልተሰማ ኮቴ የመዘገበ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም።»

እንባዬ መጣ። ለካስ አልሰለቸሁትም።

«የት ልፈርም?» አልኳት።

«ፊርማ አይበቃም፣ ልጄ። ነገ አራት ሰዓት ላይ እንደ ወትሮሽ ትመጫለሽ። መስመሩ ከድሮዎቹ ጋር ከገጠመ ጉዳዩ አለቀ። እሱ ግን እንዳይሰማ።»

«ሂጂ» አለ አጎቴ። «ሂጂና ቃልሽን ጨርሺ።»

በማግስቱ ያንኑ ጫማ አድርጌ አጥሩን አለፍኩ። እግሬ ይንቀጠቀጣል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልተንቀጠቀጠም። የሚሄድበትን የሚያውቅ እግር ምን ያንቀጠቅጠዋል? በአሥረኛው እርምጃ ገርበብ ካለው በር ውስጥ ድምፁ መጣ።

«እሷ ናት!»

«ምን ታውቃለህ? ገና ማንም አልታየም» አለች ተቆጣጣሪዋ።

«እሷ ናት አልኩዎ!»

ስምንት ዓመት ሙሉ ሰውን ሁሉ ቀስ በሉ ሲል የኖረ ሰው እየሮጠ ወጣ። ሃያ ሁለቱን እርምጃ አልጨረስኳቸውም፤ አሥራ አራተኛው ላይ ተገናኘን።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«በእኔ ምክንያት ስምዎ ከሚነሣ...»

«ይነሣ!» አልኩት። «ከእርስዎ ጋር ከሆነ ይነሣ።»

ተቆጣጣሪዋ ወረቀቱን ይዛ በሩ ላይ ብቅ አለች።

«ገጥሟል» አለች፤ «እስከ አሥራ አራተኛው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን ምን ብለን እንመዝግበው? ብዕሯ ከወረቀቱ ልትወጣ ምንም አልቀራት።»

ገብቶ መዝገቡን ሳበና በዚያ ደቃቅ ጽሕፈቱ ጻፈ፦ «አራት ሰዓት። ምክንያት፦ የእጮኛዬ ኮቴ።» ከዚያ ወደ እኔ አዞረው።

«አራሚዋ አንቺ ነሽ» አለኝ። አንቺ ሲለኝ ያኔ ገና የመጀመሪያው ነው። «ስህተት ከሆነ ሰርዢው።»

ቀዩን እስክሪብቶዬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ተቆጣጣሪዋ ትንፋሿን ዋጠች። መስመሩን እንደ ልማዴ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ከጎኑ «ትክክል ነው» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።