በቀትር የተጠራችው እንግዳችን

እኔ ኤሌክትሪሻን ነኝ፣ ይህን ቀድሜ የምነግራችሁ ስለ ጂንና ስለ ዛር ወሬ ሲነሳ ከጫት በርጫ ላይ ተነስቶ የሚሄድ ሰው መሆኔን እንድታውቁልኝ ነው፣ ግድግዳ ውስጥ ድምፅ ከተሰማ ወይ አይጥ ነው ወይ ሽቦ ነው ባይ ነኝ፣ አሁንም ቢሆን አቦ፣ ያየሁትን ልንገራችሁና ሽቦውን እናንተ ፈልጉልኝ።

ቤታችን ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ከፈላና በር ገባ ብሎ ነው፣ የምንኖረው እኔና እናቴ ብቻ ነን። ባለፈው ወር ኤቫ የምትባል ተማሪ ከፖላንድ መጣችልን፣ ከቤተሰብ ጋር እየኖረች አማርኛ ልትማር። እናቴ ገና በሩ ላይ ስታቅፋት "ኤቫ ምንድን ነው፣ ሔዋን ነሽ" ብላ ስሟን ለወጠችው፣ ከእሷ በቀር እንደዚያ ብሎ የሚጠራት የለም። በመጀመሪያው ማታ የልጅቷ እናት በቪዲዮ ደወለች፣ ባሏ የሞተባት፣ ብቻዋን የምትኖር፣ ከዚህች ልጅ ሌላ የሌላት ሴት ናት፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። እናቴ ቋንቋ ምን ያደርግላታል፣ "አይዞሽ እህቴ፣ አደራ በላ አልሆንም" እያለች አብራት አለቀሰች።

ከዚያማ ማስተማር ሆነ። እናቴ ስድ ልጅ አትወድም፣ "ስሚ ሔዋን፣ ጨዋ ልጅ ሲጠሩት አቤት፣ ሲልኩት ወዴት ነው የሚለው" ብላ አስጠናቻት፣ ልጅቷም ወደደችውና አበዛችው፣ ድመቷ ስትጮህ ሁሉ አቤት ልትል ምንም አልቀራት፣ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

በሳምንቱ ገደማ፣ እሁድ ቀትር ላይ፣ እናቴ ኤረር በር ለቅሶ ሄደች፣ በሩን ከኋላዋ የቀረቀርኩት እኔ ነኝ። መብራት ጠፍቷል፣ ሰፈሩ ጭጭ ብሏል፣ እኔ ሳሎን ወለል ላይ የጎረቤት ቬንትሌተር ፈታትቼ ተቀምጫለሁ፣ ኤቫ ክፍሏ ውስጥ ታነባለች። በጓሮ በኩል ነጠላ ጫማ ሲጎተት ሰማሁ። እናቴ ግራ እግሯን ትንሽ ትጎትታለች፣ አረማመዷን አልስተውም፣ ሥራ ላይ ስሆን ደግሞ ብዙ አላስብም፣ ምነው ቶሎ መጣች አልኩ በሆዴ። ቀጥሎ የውሃ በርሜሉ ክዳን ተከፈተ፣ ጣሳ ውሃው ውስጥ ቦጭ አለ፣ እመኑኝ፣ ውሃ እንደ ሩቅ ዘመድ አልፎ አልፎ በሚመጣበት ከተማ የበርሜልን ድምፅ የሚስት ሰው የለም።

"ሔዋን!" የእናቴ ድምፅ ነው።

"አቤት!" ኤቫ እየሮጠች ወጣች።

አወሩ፣ ቃሉ አይለይም፣ "ወዴት?" ስትል ብቻ ሰማኋት፣ ሁለቱም ሳቁ። እኔም ወደ ቬንትሌተሬ ተመለስኩ። ጥቂት ቆይቶ የውጭው በር ተደበደበ።

"ክፈት እንጂ፣ ፀሐይ ፈጀኝ እኮ!"

ከፈትኩ። እናቴ ናት፣ ነጠላዋን ለለቅሶ እንዳዘቀዘቀች። ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ ፈራሁ።

"ጓሮ አልነበርሽም እንዴ?"

"ምን ነካህ? አሁን መድረሴ ነው!"

እየሮጥን ወደ ጓሮ ሄድን። ኤቫ በርሜሉ አጠገብ ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች፣ ጣሳ በእጇ ይዛ የጓሮውን የድንጋይ ግድግዳ እያየች ትስቃለች። ዞር አለች፣ እናቴን አየች፣ መልሳ ግድግዳውን አየች፣ ሳቋ እዚያው ፊቷ ላይ ደረቀ።

"ሔዋን፣ ልጄ፣ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?"

"ካንቺ... ጠራሽኝ፣ አቤት አልኩ። ልላክሽ አልሽ፣ ወዴት አልኩ። የእናትሽ ስም ማነው አልሽኝ፣ ነገርኩሽ። ጥሪልኝ አልሽ፣ ጠራኋት።"

"በስልክ?" አልኳት እኔ።

"ስልኬ ክፍል ውስጥ ነው። በአፌ። ወደዚህ፣" አለችና ግድግዳውን አሳየችኝ።

እናቴ "በስመ አብ!" ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች። "ቀትር ላይ ለአንድ ጥሪ አይመለስም እኮ፣ ሦስቴ እስኪጠሩ ይጠበቃል፣ አቤት በይ ብዬ ሳስተምራት ይቺን ሳልነግራት!" እያለች ደረቷን ደቃች። እኔ "ኧረ አቦ ተይን!" ብዬ ጮህኩባት፣ የጮህኩት ግን ከፍርሃቴ ነው።

ወዲያው ከክፍሏ የኤቫ ስልክ ጮኸ፣ ሮጣ አመጣችው። እናቷ ናት። በቋንቋቸው አወሩ፣ ከዚያ ልጅቷ ወደ እኛ ዞረች።

"ለምን ሳትነግሪኝ መጣሽ አለችኝ። በር ላይ ሆነሽ ስትጠሪኝ ሮጬ ከፈትኩ፣ የት ተደበቅሽ አለችኝ።"

"ከፈተች?" አለች እናቴ።

"ከፍታለች።"

ከዚያ በኋላ ቄስ መጥተው ጠበል ረጩ፣ ጎረቤታችን እማማ ፋጡማም "አኡዙ ቢላሂ" ብለው ቁርአን ቀሩልን፣ እኔ በበኩሌ ያን ግድግዳ ድንጋይ በድንጋይ ፈተሽኩት፣ ሽቦም ስፒከርም የለበትም። የኤቫ እናት ግን በየቀኑ ቀትራችን ላይ ትደውላለች፣ "አሁን ደጄ ላይ ያለሽው አንቺ አይደለሽም አይደል?" ትላለች፣ ኤቫም "እኔ ሐረር ነኝ፣ እንዳትከፍቺ" ትላታለች፣ ለኤቫ ትኬትም ቆርጠንላታል፣ የፊታችን ሐሙስ ወደ እናቷ ትሄዳለች።

ዛሬ ቀትር አለፈ፣ የኤቫ እናት አልደወለችም። ኤቫ ደጋግማ ትደውላለች፣ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም። እናቴ አጠገቧ ተቀምጣ "ትንሽ ቆይተሽ ሞክሪ ልጄ" ትላታለች፣ እኔም የምይዘው የምጨብጠው ቢጠፋኝ ይህን እጽፍላችኋለሁ።