ያልተለጠፉት ፖስተሮች

የማስተዋወቂያ ኃላፊው ባንግ ጊልሱ ሐሙስ ጠዋት ከሚሠራበት የሙዚቃ ኩባንያ ደረጃ ሥር ሞቶ ተገኘ። አንገቱ ተጣሟል። አንዱ ነጠላ ጫማው እግሩ ላይ ነው፤ ሌላው ሦስት ደረጃ ከፍ ብሎ ቀርቷል። ያገኘው የኩባንያው ሾፌር ሆ ቴጂን ነበር።

ኢንስፔክተር ኦክ ሱንዶክ ማንግዎን ሰፈር የደረሰችው ወገቧን ደግፋ ነው። ወሩ ኅዳር ነው፤ ሴኡል ውስጥ ለብርዱ ወራት ኪምቺ የሚሉትን በበርበሬ የተቀመመ ጎመን የማያሰናዳ ቤት የለም፤ እሷም ከእህቷ ጋር ስልሳ ጎመን ስታጥብ ነው የከረመችው። ጡረታ ለመውጣት አራት ወር ቀርቷታል።

«አዳልጦት ነው» አላት ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ።

«መነጽሩ የት አለ?» አለች፣ የሟቹ አፍንጫ ላይ ያለውን የመነጽር ምልክት እያየች።

«እሱስ ግራ የሚያጋባ ነው» አለ ቴጂን። «ጋሽ ባንግ ያለ መነጽር አንድ እርምጃ አይራመድም።»

መነጽሩን ራሷ አገኘችው። ከደረጃው አናት ላይ አርባ የፖስተር ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ መነጽሩ ከአንደኛው ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። ሠላሳ ዘጠኙ ሳጥኖች እንደታሸጉ ናቸው። መነጽሩ ያለበት ግን ፕላስተሩ ተቆርጦ በእጅ ተመልሶ ተለጥፏል። ላዩ ላይ «50» ይላል። ቆጠረችው፤ አርባ ዘጠኝ ነው። አንዱን ፖስተር ዘረጋችው። ዘፋኟ ሶ ሃሪም ፀጉሯን እንደ ወንድ ልጅ ተቆርጣ፣ አንገቷ ተራቁቶ፣ ወደ መሬት ታያለች።

አልበሟ፣ የዛፍ ሥዕል ብቻ ያለበት ሽፋን ለብሶ፣ ከወጣ ሁለት ወር ሆኖታል። ከእነዚህ ፖስተሮች አንድም ግድግዳ ላይ አልወጣም።

የኩባንያው ባለቤት ቾ ማንሶክ ጉንጩ አብጦ ተቀበላት። ረቡዕ አመሻሽ ላይ፣ ሐኪሙ ባንግ ወደቀ ባለበት ሰዓት፣ ጥርሱን እያስነቀለ ነበር።

«ሟቹ ሥራው ማስተዋወቅ ነበር፤ ግን አላስተዋወቀም» አለ። «ቴሌቪዥን የለ፣ ሬዲዮ የለ። አድናቂዎቹ ቢያብዱ ይፈረድባቸዋል?»

«ታዲያ ለምን አላባረሩትም?»

«ሰው ማባረር ቀላል ነው እንዴ፣ ወይዘሮ ኦክ?»

«ሥራ የጠላ ሰው ሁለት ሺህ ፖስተር አያሳትምም፣ አቶ ቾ።»

ባለቤቱ ጉንጩን ይዞ ወደ መለማመጃ ክፍሉ መራት።

ሃሪም መለማመጃ ክፍሉ ጥግ ተቀምጣ ነበር። ስትነሳ ባርኔጣዋን አውልቃ አጎነበሰች። ከአንገቷ ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ተንጠልጥሏል።

«ጉንፋን ይዟታል» አለ ቾ ከኋላ።

ኢንስፔክተሯ ሰሌዳውን አየችው። ጠርዙ ተልጧል፤ መሐሉ ከመጠረግ ብዛት ገርጥቷል። «ይህ የሦስት ቀን ጉንፋን ሰሌዳ አይደለም» አለች።

ሃሪም አለቃዋን አላየችም። ጻፈች፦ «አሥረኛ ሳምንቴ ነው። የድምፅ አውታሬ ታሟል። ብናገር እንኳ ይብስብኛል ተብያለሁ። አልበሙ ግን በውሉ ቀን መውጣት ነበረበት።»

«ማን ያውቃል?»

«እኔ፣ አቶ ቾና ቴጂን። እና ባንግ።»

«ረቡዕ አመሻሽ?»

«ሆስፒታል። ቴጂን ነው የወሰደኝ።»

«ፀጉርሽን መቼ ተቆረጥሽ?»

«ፎቶው የተነሳ ዕለት። ከዚያ ወዲህ ያለ ባርኔጣና ያለ አንገት ልብስ ከዚህ በር አልወጣሁም።»

ኢንስፔክተሯ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ የአድናቂዎቹን ገጽ አነበበች። ሁለት ወር ሙሉ እርስ በርስ ሲቧጨሩ ከርመዋል። አንዱ ሃሪም ሰንፋለች ይላል፤ ሌላው ጠግባለች ይላል። በመሐል አንዲት ሴት እንዲህ ጽፋለች፦ «እዚህ የምንገባው ዘፈኑን ወደነው አልነበረም? መቼ ነው እንዲህ የከፋነው?» የመለሰላት የለም።

ከሁሉ አብዝቶ የሚጽፈው ራሱን «የጥር ቁራ» ያለ ሰው ነው። ቃሉ መራራ ነው። «ሃሪምን ተዉአት። ያጠፋው የማስተዋወቂያ ኃላፊው ባንግ ጊልሱ ነው። እሱን ጠይቁት።» ኢንስፔክተሯ ወደ ኋላ ሄዳ ሁሉንም አነበበች። ቁራው ሌላ ማንንም ሰድቦ አያውቅም። በሃሪም ላይ ድንጋይ በተወረወረ ቁጥር ድንጋዩን አንስቶ ወደ ባንግ ይወረውራል። የመጨረሻው ጽሑፉ የረቡዕ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዝም ብሏል።

የአድናቂዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር ኖ ሚጆንግ ገበያ ውስጥ የተቀመመ አትክልትና ደረቅ ዓሣ ትሸጣለች። አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። የአልጋ ቁራኛ የነበሩ እናቷን ዘጠኝ ዓመት ያስታመመችው ሌሊት ሌሊት የሃሪምን ዘፈን እየሰማች እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ይቀመጡ፣ እህቴ። ደክሞዎታል» አለቻት፣ ሙቅ የገብስ ሻይ እያቀረበች።

«ባንግን ያውቁት ነበር?»

«በስም። የኩባንያውን ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ለሃሪም ደብዳቤ ግን ልከናል፤ አሥራ አንድ። ለአንዱም አልመለሱልን።» ዓሣውን በመቀስ ትቆራርጥ ጀመር። «እኛ ምን አጠፋን? ልጅቷ ዘፈነች፣ ቀበሯት። አሁን አባሎቼ በእኔ ተነሱ፤ የኩባንያው ተከፋይ ነሽ ይሉኛል።»

«ሃሪምስ አሁን እንዴት የሆነች ይመስልዎታል?»

«ምን ደኅና ትሆናለች፤ ምግብ እየበላች አይደለም። ፀጉሯን ከተቆረጠች ወዲህ አንገቷ የወፍ አንገት መስሏል። የሚያበላት የላትም እንዴ እላለሁ።»

ኢንስፔክተሯ ሻይዋን ጠጥታ ጨረሰች። አመስግና ወጣች።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ አራቱንም በመለማመጃ ክፍሉ ሰበሰበቻቸው። ሃሪም ለሚጆንግ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች። ሚጆንግ ሰሌዳውን አየች፤ አልገባትም።

«ባንግ ብቻውን አልነበረም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ያለ መነጽር የማይራመድ ሰው መነጽሩን ሳጥን ላይ ትቶ ደረጃ አይወርድም። ቆሞ ከሰው ጋር እያወራ ነበር። ሳጥኑንም የከፈተው ለዚያ ሰው ሊያሳይ ነው። እናንተ ሦስታችሁ ፎቶው ሲነሳ ነበራችሁ፤ ለእናንተ ምን ያሳያችኋል? ደግሞ አንዳችሁ ጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ፣ ሁለታችሁ ሆስፒታል ነበራችሁ። ሁሉንም አጣርቻለሁ።»

«ታዲያ ሌባ ይሆናላ» አለ ቾ።

«ኮምፒውተሩን ትቶ ፖስተር የሚሰርቅ ሌባ? አንድ ፖስተር ጎድሏል፣ አቶ ቾ። የዘፋኝ ፎቶ የሚወስድ የሚወዳት ሰው ነው።» ወደ ሚጆንግ ዞረች። «ፀጉሯን ከተቆረጠች ወዲህ አንገቷ የወፍ አንገት መስሏል አሉኝ። አልበሙ ላይ ያለው የዛፍ ሥዕል ነው። ሃሪም ከዚያ ወዲህ ያለ ባርኔጣና ያለ አንገት ልብስ ወጥታ አታውቅም። ያ አንገት ያለው እዚያ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው፣ ወይዘሮ ሚጆንግ። እርስዎ ደግሞ ደጃፉን ረግጬ አላውቅም ብለውኛል።»

ሚጆንግ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ልጠይቀው ነው የሄድኩት» አለች። «ፖስተሩን አሳየኝ፤ አንዱን ለአንቺ ይሁን ብሎ ሰጠኝና ሳጥኑን መልሶ ለጠፈ። ታዲያ ለምን አልለጠፋችሁም አልኩት። ልነግርሽ አልችልም አለኝ። ደግሜ ስጠይቀው መነጽሩን አውልቆ ሳጥኑ ላይ አኖረና ዓይኑን አሸ። የሰለቸሁት መሰለኝ። የናቀኝ መሰለኝ። ገፋሁት።» ትንፋሿን ሳበች። «ወዲያው የሞተ መስሎኝ ነው ጥዬው የሄድኩት።»

ኢንስፔክተሯ ይህን ባትናገር ትመርጥ ነበር። ግን ፍርድ ቤት ከምትሰማው እዚህ ብትሰማው ይሻላል አለች በልቧ። «አንድ ሰዓት ያህል ኖሯል። ቢታከም ይተርፍ ነበር ይላል ሐኪሙ።»

ቴጂን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ቁራው ስለ ባንግ እንዲህ ያለ ሰው ነው ብሎን ነበር» አለች ሚጆንግ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «ልቡ ድንጋይ ነው ብሎን ነበር።»

«ቁራው ባንግ ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። «ትናንት ስልኩን አስከፈትነው፤ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ሃሪም ድምፅዋ ታሟል፤ ፖስተሩ ቢለጠፍ ውጪና ዝፈኚ ትባል ነበር። መታመሟ እንዳይወራ ቃል ተገብቶላታል። አድናቂዎቹ በእሷ እንዳይነሱ የሚሰደብ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ራሱን ሰጠ።»

ቾ ማንሶክ አንገቱን ደፋ። «ዝም እንበል ያልኩት እኔ ነኝ» አለ ለማንም ሳይሆን።

ሃሪም ጻፈችና ሰሌዳውን ወደ ሚጆንግ አዞረች። «ለምን እኔን አልጠየቅሽኝም?»

ሚጆንግ አነበበችው። «አሥራ አንድ ደብዳቤ ጻፍኩልሽ፣ ልጄ። አሥራ ሁለተኛውን ብጽፍልሽ ትመልሺልኝ ነበር?»

ሃሪም ብዕሩን ሰሌዳው ላይ አሳረፈች። አንድ ፊደል ጀመረች፤ አልጨረሰችውም። ቀስ ብላ በመዳፏ ጠረገችው።

«እንሂድ፣ እህቴ» አለች ኢንስፔክተሯ፣ የሚጆንግን ክንድ ይዛ። ደረጃውን ሁለቱም ግድግዳውን እየተደገፉ፣ አንድ በአንድ ወረዱት።