ያልተጠየቀው ፈረስ

ዮናዳብ እንደሚለው ነገሩ ያለቀው ማክሰኞ፣ በእረፍት ሰዓት ነው። ዓለምነው ራሱ ወደ እሱ መጥቶ የአባቱን ፈረስ እንደሚያመጣ፣ ከአጎቶቹም ሁለት ሦስት እንደሚለምን ነግሮታል። ማንም ሳያስገድደው፣ በገዛ አፉ።

ዋሲላ እንደምትለው ደግሞ ዓለምነው ማክሰኞ ዕለት ትምህርት ቤት ዝር አላለም። ወንበሩ ባዶ ስለነበር ቀኑን ሙሉ ቦርሳዋን ያስቀመጠችው እዚያ ላይ ነው። «በመንፈስ መጥቶ ካልሆነ በቀር» አለች፣ የሂጃቧን ጫፍ ወደ ትከሻዋ እየመለሰች።

ርብቃ ሁለቱንም በዝርዝር የሰማችው ሐሙስ ነው፤ አንዱን ጠዋት፣ ሌላውን ከሰዓት በኋላ። ሁለቱም ሲናገሩ አላመነቱም። ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል ማለት ነው። እሷ ግን መናደድ እንኳ አቃታት። የተሰማት ድካም ብቻ ነበር፤ ውኃ ተሸክማ ዳገት ከወጣች በኋላ «ገና ነው፣ ሌላ ዳገት ይቀርሻል» የተባለች ሰው ዓይነት ድካም።

የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ የሆነችው ፈልጋ አይደለም። አሥረኛ ክፍሎች በመጪው ዓመት ተፈጥሮና ማኅበራዊ ሳይንስ ተብለው ስለሚከፋፈሉ፣ ከመለያየታቸው በፊት ዘንገና ሐይቅ ዳር አንድ ቅዳሜ አብረው ሊያሳልፉ ተስማሙ። «ርብቃ ትምራን፤ እሷ አታዳላም» ተባለ። እጅ ወጣ፣ ተጨበጨበ፣ ከዚያ ወዲያ ሥራው የእሷ ብቻ ሆነ።

የምግቡ ነገር በቀላሉ አለቀ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ትሪ እንዲበላ ሥጋ ይቅር፣ ድንች በድንች ይሁን ተባባሉ። ያላለቀው ጭብጡ ነበር። ዘንድሮ ስልክ ላይ የሚታየው ድግስ ሁሉ አንድ ሐሳብና አንድ ዓይነት አለባበስ አለው፤ ያ ከሌለ ድግስ አይባልም። ግማሾቹ ነጭ በነጭ እንልበስ አሉ። ዋሲላ ሳቀችባቸው። «በከተማችን በቆሰበር ጭቃ? ስንመለስ ቡኒ በቡኒ ነው የምንሆነው።» ሌሎቹ የኮሪያ ድራማ አሉ፣ ሌሎቹ የድሮ ሰው አለባበስ። አንዱ ሐሳብ ሲነሳ ሌላው ይወድቃል፤ ሐሳቡ የወደቀበት ያኮርፋል፤ ያኮረፈውን ማባበል ደግሞ የርብቃ ሥራ ነው። ቤት ስትገባ እናቷ ከስፌት መኪናው ሳይነሱ ስለሚያመሹ እራት መሥራትና ታናሽ ወንድሟን ማስጠናት ይጠብቃታል። የራሷን ደብተር የምትከፍተው ዓይኗ መከደን ሲጀምር ነው።

ከዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ የገላገላት ዮናዳብ ነበር። ሰኞ ዕለት ተነሥቶ የፈረሰኛ ቀን እናድርገው አለ። በየዓመቱ ጥር ላይ የአገው ፈረሰኞች ሜዳውን ሲሞሉት ያላየ የከተማ ልጅ የለም፤ ፈረስ ላይ የወጣ ግን ጥቂት ነው። ክፍሉ በአንድ ድምፅ ተቀበለው። ፈረሱ ከየት ይመጣል የሚለው ብቻ ቀረ። ረቡዕ ጠዋት ዮናዳብ ለክፍሉ ኃላፊ ለመምህር ወገኔ፣ «አልቋል ቲቸር፤ ዓለምነው ትናንት ነግሮኛል፣ እሱ ያመጣል» አላቸው። ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ማክሰኞ ማን እንደቀረ ርብቃ ልብ አላለችም። የዚያን ቀን ማታ ከስንት ጊዜ በኋላ በጊዜ ተኛች።

አሁን ግን ዋሲላ የነገረቻት ባዶ ወንበር ከአእምሮዋ አልወጣ አለ። ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ዓለምነውን በር ላይ ጠብቃ አገኘችው። ቤቱ ከዘንገና ወዲያ ስለሆነ በየቀኑ በእግሩ ይመላለሳል። ከከተማው እስኪወጡ ድረስ ስለ ፈተና አወሩ። ባጃጆቹ ሲሳሱና የመንገዱ ግራና ቀኝ ባሕር ዛፍ ብቻ ሲሆን ስለ ፈረሱ ጠየቀችው።

«አመጣለሁ» አለ ወደ እሷ ሳይዞር።

«ማምጣትህን አይደለም የጠየቅሁህ። አመጣለሁ ብለህ ነበር ወይ?»

ከፊት ለፊታቸው ከሰል የጫኑ አህዮች የሚነዱ ሁለት ሴቶች መጡ። ዓለምነው በአዊኛ ሰላም አላቸው። አንደኛዋ ቆመው እጁን ያዙ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሆነ ነገር አሉትና ደረታቸውን መታ መታ አድርገው አለፉ። ርብቃ ቃሉን ባትሰማውም ነገሩ ገባት። የዓለምነው አባት የሞቱት ታኅሣሥ ላይ ነበር።

«ረቡዕ ጠዋት የክፍላችን ልጆች እየመጡ አመሰገኑኝ» አለ ሴቶቹ ሲርቁ። «ስለ ምን እንደሆነ እንኳ አላወቅሁም ነበር።»

ቀሪውን እየተራመደ፣ ቀስ እያለ ነገራት። ማክሰኞ የቀረው ከእናቱ ጋር ድንች ሲኮተኩት ውሎ ነው። ፈረሱን የቀብሩ ዕለት ሙሉ ልብሱን አልብሰው፣ ሰው ሳይወጣበት፣ ከአስከሬኑ ኋላ መርተውታል። ከዚያ ወዲህ ጀርባው ላይ የወጣ የለም። እናቱ ተዝካሩ እስኪወጣ ድረስ ኮርቻ እንዳይነካው ብለዋል።

«ታዲያ እንዴት ልታመጣው ነው?»

«ቅዳሜ እናቴ አዲስ ቅዳም ገበያ ትሄዳለች። ሳትመለስ እመልሰዋለሁ።»

«ለልጆቹ አይሆንም ብትላቸውስ?»

ዓለምነው ቆመ። «አሁን? ክፍሉ ሁሉ ካመሰገነኝ በኋላ? አባቴን ፈረስ ለምኖ ባዶውን የተመለሰ ሰው የለም፤ ለሠርግም፣ ለለቅሶም። ልጁ ፈረስ ነፈገ ከሚባል ከእናቴ ብሰርቀው ይሻለኛል።» ትንሽ ሄደና ዞር ብሎ ጨመረ። «የቤቴን ነገር ደግሞ ለክፍሉ እንዳትነግሪ። ፊታቸውን አጨማደው እንዲያዩኝ አልፈልግም።»

ርብቃ ብቻዋን ወደ ከተማ ተመለሰች። ሲሄዱ ያጠረው መንገድ ስትመለስ ረዘመባት።

ዮናዳብን ያገኘችው ከመዝሙር ልምምድ በኋላ በቤተ ክርስቲያናቸው ግቢ ነው። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ጎረቤት ናቸው። በታይፎይድ ተኝታ በከረመችበት ዓመት በየቀኑ እየመጣ ያስጠናት፣ ሲያስጠናትም በሳቅ የሚገድላት እሱ ነበር። ለዚህም ነው ጥያቄውን ለመጀመር ግቢው ሰው እስኪያጣ የጠበቀችው። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ዋሲላን ተሳደበ። በመጨረሻ አመነ። ማክሰኞ ዓለምነውን ሊጠይቀው አስቦ አጣው፤ ረቡዕ ጠዋት ቲቸር ሲጠይቁት ደግሞ ክፍሉ ተመልሶ ወደ ጭቅጭቁ እንዳይገባ ፈራ።

«እሱ እኮ እምቢ አይልም» አለ።

«ለዚያ ነዋ መጠየቅ የነበረብህ» አለች ርብቃ።

ዮናዳብ መፍትሔ ለማግኘት አይቸገርም። ርብቃ ለክፍሉ ዓለምነው ሐሳቡን ቀየረ ብላ ብትናገር ነገሩ ያልቃል። ልጁ ዝምተኛ ነው፣ አይከፋውም፤ በሳምንቱ ይረሳል። «እኔ ግን ዋሸ ከተባልኩ ቸርች ድረስ ነው የሚሰማው። አንቺ ነሽ የምታድኚኝ ሪቢ። እኔና አንቺ እኮ...» ብሎ አልጨረሰውም።

«ነገ አንተ ራስህ ተናገር» አለችው። «እጠብቅሃለሁ።»

ፊቱን አዙሮ ወደ በሩ ሄደ።

ዓርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ መምህር ወገኔ የእጃቸውን ጠመኔ አራግፈው ወንበር ላይ ተቀመጡና የበዓሉን ነገር ዛሬ እንዝጋው አሉ። ርብቃ ወደ ፊት ወጣች። ዮናዳብን አየችው። የዴስኩን ጠርዝ በጥፍሩ እየላጠ ነበር። ጠበቀችው። ክፍሉ መንሾካሾክ እስኪጀምር ድረስ ጠበቀችው።

«ሰብሳቢያችን ቆማ ተኛች» አለች ዋሲላ ከኋላ ረድፍ። ተሳቀ። ዮናዳብም አብሮ ሳቀ፤ ዓይኑን ግን ከዴስኩ አላነሣም።

ያኔ ከዋሲላ አጠገብ ዓለምነው እጁን አውጥቶ ከመቀመጫው ሲነሣ አየችው። ሊናገር ነው። ከተናገረ ደግሞ እስከ ዛሬ ያልነበረው ቃል ከአሁን ጀምሮ የራሱ ቃል ይሆናል፤ ቅዳሜ እናቱ ከቤት እስኪወጡ አድፍጦ ይጠብቃል። ዝም ካለች ዓለምነው ሌባ ይሆናል፤ ሐሳቡን ቀየረ ካለች ነፋጊ ይሆናል። ሦስተኛው መንገድ በዮናዳብ ላይ የሚያልፍ ነው። እሑድ መዝሙር ላይ አጠገቧ እንደማይቆም አወቀች። ምናልባት ለብዙ ጊዜ።

«ዓለምነው፣ ተቀመጥ» አለች። «ዓለምነው ፈረስ አመጣለሁ ብሎ አያውቅም። ማንም አልጠየቀውም። እኔም ሰብሳቢ ሆኜ ሳልጠይቀው ነው ያመንኩት።»

ከመሃል አንዱ ታዲያ ማን ነው ያለው ብሎ ጠየቀ። ርብቃ አልመለሰችለትም፤ ወደ ማንም አልዞረችም። የዞሩት ሌሎቹ ናቸው። ዮናዳብ አንገቱን ደፋ። ዓለምነው ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

መምህር ወገኔ ለጥቂት ጊዜ ሁለቱን ልጆች ተራ በተራ አዩ። ከዚያ ወደ ርብቃ ተመለሱና ጭብጡ ታዲያ ምን ሊሆን ነው አሏት። አንዳንዶቹ ነጭ የሚለውን ነገር እንደገና ሊያነሡ አፋቸውን ከፍተዋል።

ርብቃ እንደገና የመምረጥ፣ እንደገና የማባበል አቅም አልነበራትም። ትናንት ከዓለምነው ጋር የሄደችበት መንገድ ትዝ አላት።

«ፈረስም የለም፣ ነጭም የለም» አለች። ድምፅዋ ደክሟል። «ከዚህ እስከ ዘንገና ሁላችንም በእግራችን እንሄዳለን። ጭብጣችን እሱ ነው።»