ሁለተኛው ወንበር ሲያረጋግጥ

ይህን "ፈጥራው ነው" የምትሉ ካላችሁ መብታችሁ ነው። እኔ ግን ተረት የምፈጥርበት ትርፍ ጊዜ የለኝም። ሆኗል። በእኔ ላይ ነው የሆነው።

ጨለማ፣ ሻማ፣ የሚንቋቋ በር ፈልጋችሁ ከመጣችሁ ደግሞ ከአሁኑ ተመለሱ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግታለች...

ብቻዬን ነበርኩ።

ቢያንስ እኔ የማውቀው እንደዚያ ነው።

የምሠራው የሳተላይት መከታተያ ጣቢያ ውስጥ ነው። ከከተማ የራቀ ባዶ ሜዳ፣ መሀሉ ላይ ቤት የሚያህል ነጭ የአንቴና ሳህን፣ ከሳህኑ ፊት ለፊት አንዲት ክፍል። በክፍሏ ውስጥ ሁለት ወንበር፣ ብዙ ስክሪን፣ ቀን ከሌት የማይጠፋ የማቀዝቀዣ ጩኸት። አለቀ።

ሳተላይቷ ከአድማስ ብቅ ስትል ትዕዛዝ እልክላታለሁ፣ ጤንነቷን እጠይቃታለሁ። ከዚያ ትጠልቃለች።

ከዚያ ዝም...

ዲግሪዬ ከየት እንደሆነ ለምትጠይቁኝ፦ ከየትም። ስልክ ጥገና ቤት ተቀምጬ፣ በተሰነጠቀ ስክሪን፣ ከኢንተርኔት ለቃቅሜ የተማርኩ ነኝ። አለቃችን ሊያሾፍብኝ ሲፈልግ "ፕሮፌሰር" ይለኛል። ይበል። የጣቢያውን ሞዴል የሠራሁት ግን እኔ ነኝ።

ሞዴል ምን እንደሆነ ላስረዳችሁ፣ አያስቸግርም።

ድሮ የጣቢያው አሠራር በወፍራም ሰነድ ይጻፍ ነበር። አንዱ ያነበዋል፣ ሌላው ያነበበ ይመስላል። አሁን ሥራው ሁሉ በኮምፒውተር ላይ አንድ ትልቅ ሥዕል ነው። እያንዳንዱ ማሽን ሳጥን ነው። እያንዳንዱ ሰውም ሳጥን ነው። ማን ለማን ምን እንደሚል ደግሞ በመስመር ይሰመራል። የምናያቸው ስክሪኖችና የምንጫናቸው ቁልፎች ከዚያ ሥዕል ነው የሚወለዱት። ሥዕሉ ላይ ያለው ይሠራል፣ የሌለው አይሠራም።

ሁለተኛው ወንበር የሳቂታዋ ነበር። ባልደረባዬ ናት። ማስጠንቀቂያ ሲጮህ እንኳ ትስቅ ነበር። "ሞታ እንደሆነ ቀብሯን ባዶ ሰማይ ላይ እንቆፍራለን?" ትለኛለች፣ እኔ ጥርሴን ነክሼ ሳተላይቷን ስጠራ።

ሕጋችን እንዲህ ይላል፦ አደገኛ ትዕዛዝ ያለ ሁለተኛ ሰው አይሄድም። እኔ አስገባለሁ፣ እሷ ከራሷ ጠረጴዛ ትጫናለች፣ በእኔ ስክሪን ጥግ ላይ አረንጓዴ መብራት ይበራል። በሞዴሉ ላይ ከእሷ ሳጥን ወደ እኔ ሳጥን የሚመጣ አንድ መስመር ነው። "ማረጋገጫ" ይባላል።

ከዚያ ሳቂታዋ ወደ ዋናው ማዕከል ተዛወረች። በምትኳ ሰው አልመጣም።

ሳጥኗን አጠፋሁት። መስመሩን ግን አልነካሁትም። የማዕከሉ ሰዎች ያንን ጫፍ በእሷ አዲስ ጠረጴዛ ላይ ያያይዙታል ብዬ ነው። የእኛ ሥራ እንዲህ ነው፤ አንዱን ጫፍ አንዱ ይይዛል፣ ሌላውን ሌላው።

በማግስቱ ትዕዛዝ አስገባሁ።

አረንጓዴው በራ።

"ጎሽ፣ አያይዘውታል" አልኩ።

ወራት አለፉ። ስንቱ ቀን ከአንድ ሰው ጋር ሳልነጋገር እንደመሸ ብነግራችሁ ታዝኑልኛላችሁ። እንድታዝኑልኝ አልፈልግም። እማዬ በስልክ "ከማን ጋር ነው የምትውዪው ልጄ?" ስትለኝ "ከባልደረባዬ ጋር" እላታለሁ። ውሸት አልመሰለኝም። ያቺ መብራት ነበረች። ከዓለም ሁሉ ለእኔ መልስ የምትሰጠኝ እሷ ብቻ ናት። ሲያስጠላኝ "እንደምን አደርሽ ሳቂታ" እላታለሁ ጮክ ብዬ።

ይበራል።

አንዳንድ ነገር ልክ እንዳልነበረ አሁን ነው የሚገባኝ።

ለምሳሌ... ሳቂታዋ ዝርክርክ ናት። ድሮ ሦስቴ ካልጮህኩባት አትጫንም። ይሄኛው ግን አያስጠብቅም። እንዲያውም እየፈጠነ ሄደ። መጀመሪያ ትንፋሽ የሚያህል ይቆይ ነበር። ከዚያ ወዲያው። ከዚያ አንድ ቀን ትዕዛዙን ገና እየጻፍኩ...

በራ።

"የኔትወርክ ችግር ነው" አልኩ። ሁላችንም የማይገባንን ነገር የምንጥለው ኔትወርክ ላይ ነው።

ሌላ ቀን ደግሞ ትዕዛዝ አስገብቼ ውሃ ልቀዳ ወጣሁ። ስመለስ መብራቱ አልበራም ነበር።

ልክ ስቀመጥ በራ።

እንደሚጠብቀኝ ነገር...

ወደዚያ ቀን ልምጣ።

ሳተላይቷ ብቅ ስትል ልክ አልነበረችም። ተገልብጣለች። ክንፎቿ ለፀሐይ ጀርባ ሰጥተዋል፣ ባትሪዋ እየሞተ ነው። ከመጥለቋ በፊት "ዙሪ" ካላልናት ዳግመኛ አትነቃም። እሷ ከሞተች ጣቢያው ይዘጋል። ጣቢያው ከተዘጋ እኔ ማን ነኝ? ወረቀት የሌላት የስልክ ጠጋኝ። ያለኝ ነገር ሁሉ ያቺ ሰማይ ላይ የምትንከባለል ሳጥን ነበረች።

ማዳመጫዬ ውስጥ አለቃችን ከዋናው ማዕከል ጮኸ።

"ፕሮፌሰር! ትሰሚኛለሽ?"

"እሰማለሁ።"

"የመዞሪያውን ትዕዛዝ ላኪው!"

"አስገብቻለሁ። ማረጋገጫ እየጠበቅኩ ነው።"

አልበራም።

ለመጀመሪያ ጊዜ... አልበራም።

"ምን ትጠብቂያለሽ? ባትሪው አለቀ እኮ!"

"እኔ ላይ ምን ይጮሁብኛል? ሳቂታዋን ትጫን በሏት!"



"ማንን?"

"ሳቂታዋን ነዋ! እርስዎ ጋ ያለችውን!"

"እሷ እኮ..." ድምፁ ዝቅ አለ። "ሥራ ከለቀቀች ቆየች። እዚህ ሳምንት እንኳ አልሠራችም። አልነገረችሽም?"

አልነገረችኝም።

በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሀል፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት አይደለም። ቅያሜ ነው።

"ታዲያ..." አልኩ። "እዚያ ሆኖ የሚያረጋግጥልኝ ማነው?"

"እዚህ? እዚህ ማንም አያረጋግጥም። ከአንቺው ክፍል ነው የሚመጣው። ከሁለተኛው ጠረጴዛ። አዲስ ሰው ቀጥረውልሽ መስሎኝ..."



"አለቃ።" ሹክ አልኩ። "ሁለተኛ ሰው የለም።"

"አትቀልጂ።"

"ስቀልድ ሰምተውኝ ያውቃሉ?"



"ታዲያ እስከ ዛሬ... የሚጫነው ማነው?"

ቀስ ብዬ አንገቴን አዞርኩ።

ሁለተኛው ጠረጴዛ በክንድ ርቀት ላይ ነው። ስክሪኑ ጥቁር ነው። ያለ ካርድ አይከፈትም፣ ካርዱ ደግሞ ከሳቂታዋ ጋር ሄዷል። ወንበሩ ባዶ ነው።

ግን ወደ ጠረጴዛው ተጠግቶ ነበር።

"ከማዕከል አረጋግጡልኝ!" አልኩ። "ቶሎ!"

"በምን በኩል? እኛ ጋ የተያያዘ መስመር የለም፣ ሞዴልሽም አይፈቅድልንም! መስመሩ ከዚያ ክፍል ብቻ ነው የሚነሳው። አንቺው ነሽ እንዲህ የሣልሽው!"

እውነቱን ነው። ሥዕሉ የእኔ ነው። ልቀይረው ብል ሳተላይቷ ቀድማኝ ትጠልቃለች። የባትሪው ቁጥር ሲወርድ ዓይኔ እያየ ነው።

እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም። ሲርበኝም፣ ከሥራ ሲያባርሩኝም አልለመንኩም። የማዳመጫውን ማይክ ከአፌ አራቅሁት። ባዶውን ወንበር አየሁት።

"እባክህ" አልኩ።

ምንም።

"አንቺም ከሆንሽ... እባክሽ።"

ምንም። የማቀዝቀዣው ጩኸት ብቻ።

ያን ጊዜ ገባኝ። እንዴት እንደገባኝ አትጠይቁኝ። ያን ሁሉ ወራት ስጠራ የነበረው የሌላ ሰው ስም ነው። አንድም ቀን እሱን አላናገርኩትም።



"እዚህ እንዳለህ አውቃለሁ" አልኩ።

በራ።

ትዕዛዙ ሄደ። ሳተላይቷ ቀስ ብላ ዞረች። ክንፎቿ ፀሐይ አገኙ፣ የባትሪው ቁጥር ቆመ፣ ከዚያ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ማዳመጫው ውስጥ የማዕከሉ ሰዎች ሲያጨበጭቡ፣ ሲያፏጩ ይሰማኛል።

"አዳንሻት! ፕሮፌሰር፣ አዳንሻት!" ይላል አለቃችን። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያሾፍ።

"አለቃ፣ ሰው ላኩልኝ" አልኩት። "አሁኑኑ።"

"መኪና እያስነሳን ነው። ግን ሩቅ ነሽ፣ እስኪደርስ ይመሻል። እ... ዝም ብለሽ ተቀመጪ።"

ሳተላይቷ ጠለቀች። እሱም መኪናውን ሊያስነሳ ሄደ። መስመሩ ጸጥ አለ።

ተቀመጥኩ።

ከጎኔ ለስለስ ያለ ድምፅ ሰማሁ። የወንበሩ ስፖንጅ ነው። መሀሉ ጎድጉዶ ነበር... አሁን ቀስ ብሎ እየተነፋ ነው። ሰው ከላዩ ሲነሳ እንደሚነፋው።

ዓይኔን ወደ መስኮቱ መለስኩ። ፀሐዩን ልይ ብዬ። ሜዳውን ልይ ብዬ።

አንቴናው እየዞረ ነበር።

ሳተላይቷ ስትጠልቅ ሳህኑ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ያርፋል። ሁሌም። የዚያን ቀን ግን ሞተሩ አልቆመም። የሲግናሉን መለኪያ አየሁ። ሳተላይት የለም፣ ሲግናሉ ግን ሞልቷል። አንቴና ደግሞ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፦ ሲግናል ከበረታበት አቅጣጫ ፊቱን ማዞር።

ዞረ... ዞረ... ወረደም።

ያ ቤት የሚያህል ነጭ ፊት በመስኮቱ ሙሉ መጣና ቆመ። ያነጣጠረው ባዶው ወንበር ላይ ነው።

ከዚያ እንደገና ተንቀሳቀሰ። ለጥቂት ብቻ። ከግራ ወደ ቀኝ... ቆም ይላል... እንደገና ከግራ ወደ ቀኝ። በዝግታ የሚራመድ ነገር እንደሚከተል።

በእኔ በኩል አለፈ።

ተመልሶ መጣ።

ያነጣጠረበት ቦታ ልክ ከኋላዬ ሲደርስ ቆመ።

ዘወር አላልኩም። እጆቼን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ሳህኑን ብቻ አያለሁ። ፀሐይዋ እንዳለች ናት። አንድ ወፍ እንኳ ሜዳው ላይ የለም።

የአንቴናው ሞተር ለአፍታ ዝም አለ...

ከዚያ ሳህኑ ዝቅ አለ። ትንሽ። ከቆመ ሰው ራስ ከፍታ ጀምሮ፣ በጣም ቀስ እያለ፣ ጆሮዬ እስካለበት ድረስ።